«ስሪ ኢዲየትስ»፦ ስለ ፊልሙና ተመራቂ ተማሪ ስለሚገጥመው ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምረቃ ወቅት በቀረበ ቁጥር ይህ የህንድ ፊልም ከዶርም ዶርም በፍላሽ መዞር ይጀምራል። ተማሪው ይወደዋል፣ ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፈራዋል። ከታች ያሉት ከጂሲ (ተመራቂ ክፍል) ተማሪዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስለ ፊልሙ በተወያየን ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናነሳ፣ ገና ያላያችሁት አይታችሁት ብትመለሱ ይሻላል።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ዴልሂ ውስጥ፣ ለፊልሙ ተብሎ በተፈጠረ አንድ ስመ ጥር የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ ሦስት ወጣቶች አንድ ዶርም ይደርሳቸዋል። ፋርሃን ቁሬሺ በተወለደበት ቀን አባቱ «ልጄ ኢንጂነር ይሆናል» ብለው ወስነውለታል፤ ልቡ ግን ያለው የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሳት ላይ ነው። ራጁ ራስቶጊ ከደሃ ቤት ነው የመጣው። አባቱ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ናቸው፣ እናቱ የአትክልቱን ዋጋ እያነሱ ያማርራሉ፣ እህቱም በህንድ ልማድ የሴት ወገን ለወንድ ወገን የሚሰጠው ጥሎሽ ስለሌለ ሳታገባ ቤት ቀርታለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በራጁ ዲግሪ ላይ ነው። ሦስተኛው ራንቾ ማሽን ሲያይ የሚደሰት፣ መምህሩን ደፍሮ የሚጠይቅ፣ ከአንዱ ክፍል ሲያስወጡት ሌላው ክፍል ገብቶ የሚማር ልጅ ነው።

ታሪኩ በሁለት ዘመን እየተመላለሰ ይነገራል። አንደኛው የተማሪነት ዘመናቸው ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ፣ በምረቃው ዕለት ድምፁን አጥፍቶ የተሰወረውን ራንቾን ጓደኞቹ ሲፈልጉት የሚያሳየው ነው።

ማን ሠራው? መቼ ወጣ?

ዳይሬክተሩ ራጅኩማር ሂራኒ ነው። ድርሰቱን ከአብሂጃት ጆሺ ጋር ጻፈው፣ ፕሮዲውሰሩ ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2009 ለዕይታ በቃ። በህንድ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ2 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ሆነ። በኋላ በታሚል ቋንቋ በ2012፣ በሜክሲኮም በ2017 እንደገና ተሠርቷል። ራንቾን የተጫወተው አሚር ካን ነው፣ ፋርሃንን አር. ማድሃቫን፣ ራጁን ሻርማን ጆሺ። የኮሌጁን ዲን ቦማን ኢራኒ፣ ራንቾ የሚወዳትን የዲኑን ልጅ ፒያን ካሪና ካፑር ተጫውተዋል።

ፊልሙ ሲወጣ አሚር ካን 44 ዓመቱ ነበር። የ18 ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ መተወኑን ብዙ ሰው አያምንም፤ አካሄዱን፣ አቀማመጡን፣ ዝም ብሎ እንኳ የማይረጋ ሰውነቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት።

ታሪኩ እውነተኛ ነው?

አይደለም። መነሻው ቼታን ባጋት የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ባጋት ራሱ ከዴልሂ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀ ስለሆነ የሚያውቀውን የግቢ ሕይወት ነው የጻፈው። ፊልሙ ሲወጣ ስሜ የተጠቀሰው መጨረሻ ላይ ነው ብሎ ቅሬታ አቀረበ። ሠሪዎቹ ደግሞ በውሉ መሠረት ነው ብለው መለሱ፤ ነገሩ በህንድ ጋዜጦች ለሳምንታት አነጋግሯል።

ከራንቾ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ አንድ እውነተኛ ሰው ግን አለ፦ በሰሜን ህንድ ተራራማ አካባቢ የምትገኘው የላዳክ ኢንጂነር ሶናም ዋንግቹክ። የፊልሙ ታሪክ የእሱ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ቢሆንም ሥራውን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከጓደኞቹ ጋር ሴክሞል የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ግቢ በፈተና የወደቁ የላዳክ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ሆነ። ቤቱን በጭቃ ሠርተው በፀሐይ ያሞቁታል፣ ግቢውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በእስያ ስመ ጥር የሆነው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጥቶታል። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ «ወደቀ» የተባለን ልጅ ተቀብሎ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከፊልሙ በላይ ያነጋግራል።

ፊልሙ «ትምህርታችሁን ትታችሁ የምትወዱትን ተከተሉ» ነው የሚለው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ በስህተት የሚነገርለትም ይኸው ይመስለኛል። ፊልሙን አይቶ ክላስ መግባት ያቆመ ተማሪ አለ። ፊልሙን ሰምቶ «ልጄን አበላሸብኝ» ያለ ወላጅም አለ። ሁለቱም ያዩት ግማሹን ነው።

ራንቾ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። ትምህርት የጠላ ሰው አይደለም። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትምህርትን የምሩን የወደደ እሱ ነው። የሚጣላው ከሽምደዳው ጋር ነው። መምህሩ ማሽን ምንድን ነው ሲሉት «የሰውን ልፋት የሚቀንስ ነገር ሁሉ ማሽን ነው» ብሎ ከሱሪው ዚፕ ጀምሮ ምሳሌ ይሰጣል፤ ከክፍል ይባረራል። የክፍል ጓደኛቸው ቻቱር ግን የመጽሐፉን ትርጉም ከነነጠላ ሰረዙ ሲወጣው ይመሰገናል። ሌላ ቀን ዲኑ «እስኪ አንተ አስተምር» ሲሉት ራንቾ ከጓደኞቹ ስም የፈጠራቸውን ሁለት ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ትርጉማቸውን ቀድሞ የሚያገኝ ማነው ይላል። ተማሪው ሁሉ መጽሐፍ መግለጥ ይጀምራል። ከመካከላቸው «አዲስ ነገር ልማር ነው» ብሎ የተደሰተ አለ ወይ? ውድድር ብቻ ነው የታያቸው። የፊልሙ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፋርሃንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ተምሯል። የተወው ካምፓስ ድረስ የመጣውን የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው፤ እሱንም አባቱን ፊት ለፊት ሳያናግር አልተወም። ስለዚህ ፊልሙን ተገን አድርጋችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ለመሙላት ከሆነ፣ ፊልሙ እንዲህ የሚል አንድም ትዕይንት የለውም።

ታዲያ ፊልሙ ስለ ምርጫ ምን ይላል?

ምርጫችሁን ፍርሃት እንዳይመርጥላችሁ ነው የሚለው። የሦስቱን ልጆች ችግር ልብ ብላችሁ እዩት። ፋርሃን አባቱን ይፈራል፤ ለሚያደንቀው ሃንጋሪያዊ ፎቶ አንሺ የጻፈውን ደብዳቤ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይልከው አስቀምጦታል። ራጁ ነገን ይፈራል፤ በየጣቱ የማዕድን ቀለበት ደርድሮ፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር በየአማልክቱ ፊት ይንበረከካል፤ ፍርሃቱ ግን ማጥናት እንኳ አላስቻለውም። ሌሎቹን የሚመክረው ራንቾ ደግሞ የሚወዳትን ልጅ እወድሻለሁ ማለት ይፈራል፤ ጓደኞቹም ይህን ፊቱ ላይ ይነግሩታል። እንዲህ መሆኑ ፊልሙን ከስብከት ያድነዋል፤ ከፍርሃት ነፃ የሆነ ሰው አላቀረበልንምና።

ቤተሰቤ የሚጠብቀው እኔን ነው። ራንቾ የተናገረው የሚሠራው ለሀብታም ልጅ ብቻ አይደለም ወይ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፋርሃን ሥራ ባያገኝ አባቱ ቤት ምሳ አለ። ራጁ ባያገኝ ግን የአባቱ መድኃኒት ይቋረጣል። ከገጠር አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላከ ቤተሰብ፣ ታናናሾቹን ያስተምርልናል ብሎ የሚጠብቅ እናትና አባት፣ «የምትወደውን ተከተል» የሚለውን ምክር ሲሰሙ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

ፊልሙ ግን ራጁን «ኢንጂነሪንጉን ተው» አላለውም፤ ይህን ብዙ ተመልካች ያልፈዋል። ራጁ ኢንጂነሪንግን አይጠላም። እንደ ፋርሃን በጓዳ የደበቀው ሌላ ሕልም የለውም። የጎደለው ድፍረት ነው። ራሱን ለማጥፋት ከሞከረ በኋላ ተርፎ በተሽከርካሪ ወንበር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ውጤትህ ለምን ዝቅ አለ ይሉታል። ስለ ፍርሃቱ እውነቱን ይነግራቸዋል፤ ቤተሰቡ ተስፋውን ሁሉ እሱ ላይ መጣሉ እንዳስፈራው፣ ግቢ ውስጥ ያየው ሩጫ ደግሞ እንደባሰበት። ይህን ያህል ግልጽነት ለደንበኞቻችን አይመችም፣ ትንሽ ለዘብ በል ሲሉት፣ ሁለቱ እግሮቼ ተሰብረው ነው በእግሬ መቆም የቻልኩት፣ ይህን ጠባዬን አልለቅም ብሎ ሊወጣ ይነሳል። ሥራውን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እውነተኛ ሕይወት ሁልጊዜ እንዲህ አይመልስም፤ እውነት ተናግሮ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ ነው። ቢሆንም የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት ተመራቂ ከራጁ የሚወስደው ነገር አለ። ቤተሰብን መርዳት በራሱ የተከበረ ምርጫ ነው። ደሞዝ ያለውን ሥራ አስቀድሞ ይዞ የሚወዱትን ማታ ማታ ማሳደግም ሽንፈት አይደለም። ብቻ ይህን ስታደርጉ ወስናችሁ አድርጉት፤ ሌላ መንገድ ማሰብ ስለፈራችሁ አይሁን። ከዓመታት በኋላ ቁጭት የሚበላው እንዲያው ተገፍቶ የገባውን ነው።

የእኛ አገር ተማሪ ሁኔታ ከፊልሙ ጋር ይገናኛል?

በብዙ ነገር ይገናኛል። ህንድ ውስጥ ሁለት በሮች ብቻ ያሉ ይመስል ልጅ ሁሉ ወደ ሐኪምነትና ወደ ኢንጂነርነት ይነዳል። በራጃስታን ያለችው ኮታ የምትባል ከተማ ለኢንጂነሪንግና ለሕክምና መግቢያ ፈተና በሚያዘጋጁ ማሠልጠኛዎች የታወቀች ናት። እኛም ዘንድ ጎበዝ ልጅ ምን ትሆናለህ ሲባል የሚጠበቁት መልሶች እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ በቅርብ ጊዜ ፓይለት ተጨመረበት።

የሚለይም አለ። እኛ ጋ ከወላጅ በተጨማሪ ምደባው ራሱ ብዙ ይወስናል። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ በዋለው 70 ለ30 በተባለው ፖሊሲ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ነበር የታቀደው። ስንቱ ልጅ ሳይመርጠው ኢንጂነሪንግ ገብቶ አምስት ዓመት ቆጠረ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ፤ አራትና አምስት ዓመት ተምሮም ዲግሪው የሚሰጠው ፈተናውን ሲያልፍ ነው። የዛሬ ጂሲ «ምን ልሁን?» ብሎ ከማሰቡ በፊት «አልፍ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ይቀድመዋል። ስለዚህ የፋርሃን ጥያቄ ለእኛ ተማሪ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከተመረቀ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ነው የሚመጣበት።

ከወላጆቼ ጋር እንዴት ላውራ? ፋርሃን የተጠቀመው ዘዴ ይሠራል?

ዘዴ አልነበረውም፤ ነገሩ የሠራለትም ስለዚህ ይመስለኛል። ትዕይንቱን ደግማችሁ እዩት። ፋርሃን በሥራ ቃለ መጠይቁ ቀን ወደ ቤት ይሄዳል። አባቱ ላፕቶፕ ገዝተው ይጠብቁታል። ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኢንጂነሪንግ አይገባኝም፣ ብሆንም መጥፎ ኢንጂነር ነው የምሆነው ይላል። አባትየው ሰው ምን ይለናል፣ ጎረቤታችን ምን ይላል ይላሉ። እኛ ቤት የምንሰማውን «ሰው ምን ይላል» በሂንዲ ስትሰሙት ትደነግጣላችሁ። ፋርሃን የሚመልሰው ለጎረቤቱ ምላሽ እንዳልመጣ ነው። ማጥኛ ክፍሌ አየር ማቀዝቀዣ ያስገባልኝ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያዞረኝ ጎረቤታችን አይደለም፣ አንተ ነህ፤ ግድ የሚለኝም የአንተ ሐሳብ ነው ይላል። ፎቶ አንሺ ብሆን የማገኘው ትንሽ ነው፣ ቤቴም መኪናዬም ትንሽ ይሆናል፣ ግን ደስተኛ እሆናለሁ ብሎ ዋጋውን አይደብቅም።

ከዚያ ራንቾ ኪሱ እንዲይዝ የሰጠውን የእናትና የአባቱን ፎቶ ያወጣል። ራስህን ለማጥፋት ባሰብክ ቁጥር ይህን እይ፣ ይህ ፈገግታ ምን እንደሚሆን አስብ ብሎኝ ነበር ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር አንስቶ ወላጅን ማስፈራራት ቀላል ነበር። እሱ ግን የመጣው ሊያሳምን እንደሆነና እንደማያስፈራራ በግልጽ ይናገራል። አባትየው ዝም ብለው ቆይተው ላፕቶፑን መልሱት፣ ካሜራ ስንት ነው ይላሉ።

እኛ ቤት ይህን ንግግር በአንድ ጊዜ መጨረስ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው አስቀድሞ ለእናት፣ ለአጎት ወይም ለቤቱ ለሚከበር ታላቅ ሰው መንገር ነው። ሽምግልና ለጠብ ብቻ አይደለም። አባት ከልጃቸው አፍ በድንገት ሲሰሙት «ናቀኝ» የሚሉትን ነገር፣ ጓደኛቸው ቡና ላይ ቢያነሳላቸው ያስቡበታል። ከመናገራችሁ በፊት ደግሞ የሚጠይቁትን አውቃችሁ ቅረቡ፤ በዚህ ሙያ ማን እንጀራውን እየበላ እንደሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በምን እንደምትኖሩ፣ ካልሆነስ ወዴት እንደምትመለሱ። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚቆጡት በሕልሙ አይደለም፤ ልጃቸው ሲራብ ስለሚታያቸው ነው። የፋርሃን አባት አንዲት አየር ማቀዝቀዣ ለልጃቸው ክፍል ሰጥተው በሙቀት የተኙ ሰው ናቸው። ይህን ሳታመሰግኑ የምትጀምሩት ንግግር ጥሩ ቦታ አይደርስም።

ዲኑን «ቫይረስ» የሚሏቸው ለምንድን ነው? እንዲያው ክፉ ሰው ናቸው?

ስማቸው ቪሩ ሳሃስትራቡድሄ ስለሆነ ተማሪው አሳጥሮ ያወጣላቸው ነው። ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ንግግራቸው ሕይወት ሩጫ ናት፣ ካልሮጥክ ትረገጣለህ የሚል ነው። ምሳሌ የሚያደርጉትም በሌላ ወፍ ጎጆ ተፈልፍሎ የባለቤቶቹን እንቁላል ገፍቶ የሚጥለውን የኩኩ ጫጩት ነው።

ክፉ ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ይከብዳል። ወንድ ልጃቸው ሥነ ጽሑፍ መማር ይፈልግ ነበር፤ ኢንጂነር ካልሆንክ ብለው ያስጨንቁታል። በባቡር አደጋ ሞተ ሲባል የኖረው ልጅ ራሱን እንዳጠፋ ልጃቸው ፒያ የምትነግራቸው ዘግይታ ነው። ፊታቸውን ያን ጊዜ እዩት። በሌላ ሰው ልጅ ላይ ያደረጉትን በራሳቸው ቤት ቀድመው እንዳደረጉት የገባቸው እዚያ ነው።

ራስን ማጥፋትን የሚያሳዩት ክፍሎች ከባድ ናቸው። ለተማሪ ይታያሉ?

ከባድ ናቸው፤ ሳያስጠነቅቁ ማሳየት ተገቢ አይደለም። ጆይ ሎቦ የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሚሠራውን በራሪ ካሜራ ለመጨረስ ጥቂት ጊዜ ይለምናል። ዲኑ እምቢ ብለው፣ ልጃቸው ዘንድሮ እንደማይመረቅ ለአባቱ በስልክ ይነግራሉ። ልጁ ራሱን ያጠፋል። በኋላ ራጁም ጓደኛውን አሳልፎ ከመስጠትና ራሱ ከመባረር አንዱን ምረጥ ሲባል ከፎቅ ይዘላል።

እዚህ ላይ ፊልሙን የምነቅፍበት ነገር አለ። የራጁ መዳንና ደፋር ሆኖ መነሳት በጣም ፈጥኖ ይመጣል፤ መውደቁ ራሱ ያስተማረው ያስመስላል። እውነታው እንዲህ አይደለም። ራጁን ያዳኑት አልጋው አጠገብ ቀንና ሌሊት ያልተለዩት ጓደኞቹና ሐኪሞቹ ናቸው። ይህን የምታነቡ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሐሳብ ደጋግሞ ከመጣባችሁ ለዶርም ጓደኛ፣ ለቤተሰብ ወይም ለንስሐ አባት ዛሬውኑ ንገሩ፤ ወደ ጤና ተቋምም ሂዱ። ጓደኛችሁ «መሮኛል» ካላችሁ ደግሞ እንደ ቀልድ አትለፉት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ቻቱር ምን አጠፋ? ለፍቶ አጥንቶ ሀብታም ሆነ እኮ!

ቻቱር በእኛ ግቢ ቋንቋ ቸካይ የምንለው ነው። ኡጋንዳ ተወልዶ ፖንዲቼሪ የተማረ፣ ሂንዲ በደንብ የማያውቅ ልጅ ነው። በልፋቱ አሜሪካ ደርሶ የትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ይሆናል፤ የመዋኛ ገንዳውንና የላምቦርጊኒውን ፎቶ ለጓደኞቹ ያሳያል። ይህ ሁሉ የእሱ ላብ ነው፤ ሊከበርለት ይገባል። ስደት ወጥቶ ቤተሰብ ያቆመን ሰው የምናውቅ ሰዎች ይህን አንንቅም። ችግሩ አሥር ዓመት ሙሉ ደስታውን የለካው ራንቾን በመብለጡ መሆኑ ነው። ተማሪ ሳሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን የበለጠ እንደተሳካለት እንተያያለን ብሎ፣ በኮሌጁ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ላይ ሴፕቴምበር 5 ቀን ብሎ የውርርዱን ዕለት ጽፎ ነበር፤ ቀኑን ጠብቆ ባሕር ተሻግሮ መጣ።

የሚያስቆጣኝ ፊልሙ በእሱ ላይ የሠራው ቀልድ ነው። የማያውቀውን ንግግር ሸምድዶ መድረክ ሲወጣ ራንቾ ቃላቱን ቀይሮበት ኖሯል፤ «ተአምር» የሚለው ቃል አስገድዶ መድፈርን በሚገልጽ ቃል ተተክቷል፣ አዳራሹም ይስቃል። ለራጁ ሳይረዱ መሸምደድ ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ነው ይባላል። ለዚያ ትምህርት ግን ይህ ቀልድ አያስፈልግም ነበር፤ ቋንቋ ባለማወቁ ሰው ማዋረድም አያስፈልግም ነበር። ሴት ተማሪዎች ባሉበት ስታሳዩት ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ አንስታችሁ ተነጋገሩበት።

የሴት ልጅ ምርጫስ? ፊልሙ ሦስት ወንዶች ብቻ አይደል?

ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ነው። ፒያ የሕክምና ተማሪ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ግን የምትወስነው ማንን ላግባ የሚለውን ብቻ ነው። የራጁ እህት ደግሞ ምን እንደምትፈልግ ማንም አይጠይቃትም፤ ስሟ የሚነሳው ከጥሎሹ መኪና ጋር ነው። እሷ ተምራ ብትሠራ የራጁ ሸክም በግማሽ ይቀል ነበር፤ ፊልሙ ይህን ጥያቄ አላነሳም። እኛ ማንሳት አለብን።

«ኦል ኢዝ ዌል» ማለት ችግርን መካድ አይደለም?

«ኦል ኢዝ ዌል» (ሁሉ ደህና ነው) ራንቾ በጭንቅ ጊዜ የሚደጋግመው ቃል ነው፤ ጥያቄውንም ራሱ ይመልሰዋል። በመንደራቸው ሌሊት ሌሊት «ሁሉ ደህና ነው!» እያለ የሚጮህ ዘበኛ ነበር፤ ሰውም በሰላም ይተኛ ነበር። አንድ ሌሊት ሌባ ገባ፣ ዘበኛው ዓይነ ስውር እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ራንቾ ከዚህ የተረዳው ልብ ፈሪ እንደሆነችና ማባበል እንደሚያስፈልጋት ነው። ችግሩን ይፈታል ወይ ሲሉት አይፈታም፣ ግን ለመጋፈጥ ድፍረት ይሰጣል ይላል። ፈተና ክፍል በር ላይ ልትሉት ትችላላችሁ፤ በጥናት ፋንታ ግን አይሠራም።

ራንቾ ለምን ጠፋ? ስሙስ ለምን ሌላ ሆነ?

የአትክልተኛ ልጅ ስለነበር ነው። የግቢው ባለቤት የሆኑት ሀብታም ሰው ለልጃቸው ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ድሃው ልጅ ደግሞ መማር ይፈልጋል። በልጃቸው ስም ተማር፣ ወረቀቱ የእኛ፣ ዕውቀቱ የአንተ ብለው ተስማሙ። ስለዚህ አንደኛ ወጥቶ ተመርቆ ባዶ እጁን ሄደ። መጨረሻ ላይ ላዳክ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ፑንሱክ ዋንግዱ በሚለው እውነተኛ ስሙ የታወቀ ተመራማሪ ሆኖ ይገኛል። ቻቱር ውል ለመፈራረም ሲያሳድደው የከረመው ሳይንቲስትም እሱ ራሱ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው እንዲህ ይሳካለታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ይህ የፊልሙ ተረት ነው።

የት የት ተቀረፀ?

የኮሌጁ ግቢ ባንጋሎር የሚገኘው የህንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ነው። የራንቾ ትምህርት ቤት በላዳክ ሼይ መንደር ያለው ድሩክ ፓድማ ካርፖ ትምህርት ቤት ነው። በነሐሴ 2010 በፈረንጆቹ አካባቢውን የመታው ጎርፍ ጎድቶት ነበር። የመጨረሻው ትዕይንት ፓንጎንግ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከራስ ዳሸን ጫፍ ብዙም አያንስም።

ከቤተሰብ ጋር ብናየው እንዴት ይሻላል?

ወደ ሦስት ሰዓት ስለሚጠጋ በአንድ ምሽት አትጨርሱት። የመሃሉ ዕረፍት ላይ አቁማችሁ ቀሪውን በማግስቱ ብታዩት ጥሩ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ካሉ የጆይ ሎቦንና የራጁን ክፍሎች እንዲሁም የቻቱርን ንግግር እለፏቸው። ሂንዲው ለማይገባቸው እናትና አባት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ተርጉሙላቸው። የፋርሃንና የአባቱ ትዕይንት ሲደርስ ግን መተርጎሙን ተዉት፤ የሁለቱን ፊት ብቻ ይዩ፣ ከዚያ አጥፉትና ምን እንደተባባሉ እናንተ ንገሯቸው።